ገመዱ ሲደርስ

ከሰላላ ሽቅብ፣ መኪና እያቃሰተ በሚወጣው ጥምዝምዝ፣
የኸሪፍ ጉም ተራራውን ከነላሙ ውጦ ሲተክዝ፣
የባንግላዴሹ ልጅ ረፊቅ ጥቁሩን ገመድ በትከሻው አዝሎ
ደጃችን ደረሰ፤ ጭቃውን ሳያራግፍ፣ ለመግባት ቸኩሎ።

እስከዚያች ቀን
መስመር የምንለው ከጓሮ ያለች አንዲት ድንጋይ ነበረች።
እላይዋ ተቁሞ ስልክ ወደ ሰማይ ሲዘረጋ
ከአራት ጭረት አንዷን የምትሰጥ፣
ጉም ሲወርድ እሷንም የምትነፍግ።
እማማ ጡፉል «የወሬ ድንጋይ» ይሏታል።
እኔ አርባ ጊዜ ወጥቼባት
አንድ «ደህና ነኝ» ልኬባታለሁ።

አሁን ሳጥኑ ከግድግዳው አረንጓዴ ዓይኑን ያርገበግባል።
ምስሉ አይደርቅም። ድምፁ አይቆራረጥም።
ሙስካት ያደገው የልጅ ልጃቸው ሙሰለም
የጥርሱ ሽቦ ሳይቀር ይታያል።

አሮጊቷ ቀረቡ። ሻሻቸውን አስተካከሉ።
በተራራው ቋንቋ፣ በጅባሊ፣ ስለ ጥጃው ነገሩት፤
ሌሊት እንደተወለደ፣ አንድ እግሩ እንደጠመመ፣
ስሙን በስሙ እንዳወጡለት።
ልጁ ፈገግ አለ። አንገቱን ነቀነቀ። ቆየና በዓረብኛ፣
«ምን አለች?»

ቤቱ ዝም አለ።
መስመሩ ፈጣን ነው፤
ዝምታውንም ሳይቆራርጥ አደረሰ።

እኔ ሰባት ዓመት እዚህ ሳልብ፣ ሳጥብ፣ በረት ስጠርግ
ማንም ሳያስተምረኝ ቃሉን ከመሬት ለቅሜዋለሁ።
«ቀ»ው ጉሮሮዬ ውስጥ፣ «ጠ»ው ምላሴ ጫፍ ነበር፤
ከወሎ ይዤው የመጣሁት፣
የኤርፖርት ፈታሽ ያላገኘው።
«ሸምሲያ፣ አፍሽ የኛ ነው» ይሉኝ ነበር።

እናም ወለል ለመወልወል የተቀጠርኩት
እጄን በቀሚሴ ጠርጌ
በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ቆምኩ፤
«ጥጃው እግሩ ጠሟል፣ ይሉሃል።
ሙሰለም ብዬዋለሁ፣ ይሉሃል።
ጉሙ ሳይነሳ ና፣ ይሉሃል።»

ይቺን የመጨረሻዋን እንኳ እሳቸው አላሉም።

ልጁ ወደ ስልኩ ተጠጋ።
«‹እመጣለሁ› በሷ ቋንቋ እንዴት ነው?»
ነገርኩት። ሞከረ። አፉ ውስጥ ተሰበረበት።
ደግሞ ሞከረ።
አሮጊቷ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው
ከሩቅ የሚመጣ ከብት እንደሚያዳምጥ ሰው ጎንበስ አሉ።

ረፊቅ ከደጅ መሰላሉን እያጠፈ
«ይሠራል?» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ» አልኩት፣
«ገና ነው።»