ሦስት ቁልፍ

ካርታህን እጠፈው፤ እዚህ አይረዳህም፤
የዝላትኖቭን ጓሮ ካርታ አያውቀውም።
የግንቡ፣ የደወሉ፣ የዚያ ዝግ ቤት መክፈቻ፣
ሦስቱም ወገቤ ላይ ነው፣ ዝዲስላቫ ጋ ብቻ።

ስሟን ስትሰማ ወርቅ አለ ብለሃል፤
በኛ ቋንቋ እኮ ወርቅ ዝላቶ ይባላል።
መስፍኑም እንዳንተ ስሟን አምኖ መጣ፤
አርባ ዓመት አስቆፍሮ ውሃ ብቻ ወጣ።
ሰው የተወውን ጉድጓድ ንብ መጥታ ወረሰች፤
ወርቁ በታጣበት ሰሟን አፈሰሰች።
ስሟ ወርቅ፣ ኑሮዋ ሰም፤ ከተማችን ይቺ ናት፤
ሰም ስናቀልጥ ኖርን አምስት መቶ ዓመት።

ድልድዩን ተሻገር። ቅዱሱን አየኸው?
አፍንጫው የረገፈ፣ ቀኝ እጁን ያጣው?
"ስዊድኖች ሰበሩት" ይላል የትምህርት ቤት መጽሐፍ፤
ጎረቤቴ ቦሁስላቭ ነው፤ ከመጠጥ ቤት ሲከንፍ
በትራክተር ገጨው።
ታሪክ ግን ያምራል በባዕድ ሲለጠፍ።

ይህ ዓምድ የወረርሽኝ ነው፤ ከሞት የተረፉት
በሰም ሽያጭ ገንዘብ ለስለት ያቆሙት።
ሥሩ ላይ የሟቾች ስም ተቀርጾ ነበር፤
ዝናብ ላሰውና አለቀ፣ ልክ እንደ ስኳር።
አንድ ፊደል ቀርቷል፤ ዳብሰው፤ የማን እንደነበር
እንጃ።

ደወላችን? እሱማ ሁለት ጊዜ ዘምቷል፤
አንዴ ለቪየና ዘውድ፣ አንዴ ለበርሊን ተጠርቷል።
አባቴ ልጅ ሳለ፣ ከግንቡ ሲያወርዱት፣
የአበባ ጉንጉን አልብሰው በጋሪ ሲጭኑት፣
ሰው ሁሉ ወጣና በጠመኔ ጻፈበት፤
አንዷ "ደህና ግባ" አለች፣ እንደ ወታደር እናት።
አልገባም። ሁለተኛው ሲሄድ የጻፈበት የለም።
የአሁኑ ብረት ነው፤ ድምፁ የድስት ነው፤ ሰዓት ግን አያልፈውም።

ያ ባዶ መቆሚያ ሥራ ፈት አይምሰልህ፤
ስንቱ ወጥቶበታል፣ በተራ ልንገርህ፦
ባለ ዘውዱ ወጣ፤ በገመድ ጎትተው ጣሉት፤
ባለ ባርኔጣው ወጣ፤ በሌሊት አነሱት፤
ባለ ካፖርቱ ወጣ፤ በግድ አበባ አኖርንለት፤
እሱንም ክሬን ነቀለው፤ ጫማው ብቻ ቀረለት።
አሁን ልጆች ጫማው ላይ አይስክሬም ይልሳሉ፤
ከሾምናቸው ሁሉ እነሱ ይሻላሉ።

ሦስተኛው ቁልፍ... ቆይ፣ እጀታው ያስቸግራል።
ግባ። የሶፋ መጋዘን ነበር፤ ዛሬም ሙጫ ይሸታል።
ከዚያ በፊት ምኩራብ። ቀና በል፣ ኮከቡን ቁጠረው፤
መቶ ሠላሳ ነው፤ ዘበኛው ሌደረር ነው የቀባው።
ልጁ ኤርና ከናቴ ጋር ባንድ ዴስክ ተማሩ፤
በዚያ ውርጭ፣ አንገታቸው ላይ ቁጥር እያሰሩ
ወደ ባቡር ሲነዷቸው፣ ቁልፉን እናቴ እጅ ከተተች፤
"እስክመለስ ያዢልኝ" አለች።
ሌላ ምንም አላለች።

ከንቲባው ወጣት ነው፣ ደግ ልጅ፤ ትናንት መጣና፣
"በቁጥር የሚከፈት በር እናስገባ፣ ዘመኑ ነውና"
አለኝ። እኔም፦ "ኤርና ብትመጣ
ቁጥሩን ማን ይነግራታል?"
ዝም አለ። ቆየና፣ ባርኔጣውን እያሸ፣
"ብትኖር እኮ መቶ አስር ዓመቷ ነው" አለ።
አውቃለሁ። ቆጥሬያለሁ።

በል፣ ግንቡ ካማረህ ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤
የኔ ጉልበት እምቢ ብሏል፤ ብቻህን ውጣው።
ከላይ ኩሬው ይታይሃል፤ ውሃ ለቀው ዓሣ ያወጣሉ፤
ጭቃውን ጀምበር ሲነካው "ወርቅ ነው" ይላሉ፣
እንግዶች።
ቁልፎቹ ባንድ ቀለበት ናቸው፤ ስትወርድ መልስልኝ፤
ድንጋይ ሥር አታኑራቸው፤ በእጄ ስጠኝ።