ልብስዎ ደርሷል

ሳስካቱን፣ ሃያኛው ጎዳና፣ ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ፣
ሦስት ሰው ከገባ በአራተኛው የምትጠብብ፣
የኔ ስፌት ቤት ናት።
ሁለት መኪና አላት፤
አንዷ ጂንስ ትፈራለች፣ አንዷ ትበላለች ክር፤
ሁለቱንም ችያለሁ፣ እንደ ዘመድ ነውር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳቤ በደብተር፣
ጽሑፉን ከኔ በቀር የሚፈታው አልነበር፦
"ሰማያዊዋ ሴትዮ፣ እጅጌ፣ ሐሙስ"፤
"ባለ ውሻው፣ ሱሪ፣ ሁለት ጣት መቀነስ"።
ሐሙስ ሲመጣ ሴትዮዋ ቀይ ለብሳ ትገባለች፤
ባለ ውሻው ያለ ውሻ ይቆማል፤ ሱሪዋም ከሱሪዎች መሀል ትጠፋለች።

የእህቴ ልጅ ትርሲት፣ የኮሌጅ ተማሪ፣
አንድ ቅዳሜ መጣች፤ ደብተሬን እንደ መርማሪ
ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ስልክህ ላይ ልጫነው?"
"የሰው ስም ነው እንጂ፣ መች የስንዴ ጆንያ ነው!"
ሳቀች፤ ጫነችው።
ስም፣ ቁጥር፣ ልክ፣ ቀን፤
ሳሙና የምታክል የካርድ ማንበቢያም አኖረች ከመቀሱ ጎን።
"ሥራው ሲያልቅ ይቺን ንካ፤ መልእክቱ ራሱ ይሄዳል፤
ካልመጡም በየሰኞው ራሱ ያስታውሳል።"

አላመንኩም። ትከሻ ሲወርድ፣ ወገብ ሲጨምር፣
ሰው የሚታወቀው በጣት ነው፤ ስልክ ምን ያውቃል፣ ከቁጥር በቀር?
ግን ውርጩ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ፣
"ደርሷል?" ለማለት ብቻ የሚመጣ ቀረ፤ ልብሱ ሲደርስ ነው ሰው የሚገባ።
የነርስ ጋውን፣ የሆኪ ማልያ፣ የሙሽራ ቬሎ፤
የሮስተርን ገበሬ ሳይቀር ቱታውን ፎቶ አንስቶ ላከ፣ "ይሄ ቀዳዳ ይደፈናል?" ብሎ።
"ይደፈናል" አልኩት፣ በአንድ ጣት ጽፌ፣
መርፌዬን በከንፈሬ ደግፌ።
ክሩ ሳያልቅ ይነግረኛል፤ ዚፑ ከቶሮንቶ በሦስት ቀን ደጄ፤
ድሮ ነጭ ክር ያለቀብኝ ዕለት በሬን ቆልፌ፣
አውቶቡስ ስጠብቅ ብርድ ላይ እቀር ነበር፣ ደንበኛዬን ለሌላ ሰፊ ሰድጄ።
በዚያ በረዶ ሱቄ ሰፋ፤
ግድግዳው እዚያው ነው፤ እኔ ስሰፋ ነው የሰፋ።

ሚስተር ሂሪንቹክ ግን አልመጡም።
በጥቅምት ነው ጥቁር ሱፋቸውን ያመጡት፤ "አጥብበው" አሉኝ፣ ምክንያት አላወጡም።
አራት ጣት! ሜትሬን አላመንኩትም፤ ደግሜ ለካሁ፤
ሰፍቼ ሰቀልኩና፣ ያቺን ነካሁ።
"ልብስዎ ደርሷል።"
ሰኞ፦ "ልብስዎ ደርሷል።"
ሌላ ሰኞ፦ "ልብስዎ ደርሷል።"
ማሽን ይሉኝታ የለው፤ ፊት ቢነሱት አያፍር፣
በሩ ለምን ዝም አለ ብሎ አይጠረጥር።

በአምስተኛው ሰኞ መልስ መጣ፦
"ዳርያ ነኝ፣ ልጁ። አባቴ ዐርብ ሌሊት ዐርፏል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ለቅሶ ቤት ገብቶ
"ዕቃህን ውሰድ" የሚል አለ? ባላንጣስ ቢሆን፣ እንዲህ አፉን ሞልቶ?
ስልኩን ልዘጋው ስል ደግሞ ጮኸ፤ ሁለተኛ፦
"ሱፉ አንተ ጋ መሆኑን አላወቅንም እኛ።
ከትናንት ጀምሮ ቁም ሣጥኑን ስናምስ ነው፤ ያለው ሁሉ ይሰፋዋል።
ቀብሩ ረቡዕ ነው። ይደርሳል?"

ደርሷል፣ አልኳት።
ተኮስኩት። የላላች ቁልፍ ነበረች፣ አጠበቅኳት።
ካርታው "ወደ ግራ"፣ "ወደ ቀኝ" እያለ ወንዙን በድልድይ አሻገረኝ፤
በረንዳው ላይ የእንግዳ ጫማ ተደርድሯል፣ ከነበረዶው፤
ዳርያ ወጣች፤ ወገቡ ጋ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰች፣ ምንም አላለችኝ።

ማታ ስልኩ "ስንት ተከፈለ?" ብሎ ጠየቀኝ፤
ዜሮ ጻፍኩ። ትርሲት ደወለች፤ "የሳቸውን መዝገብ ላጥፋው?" አለችኝ።
"ስማቸውም ይቆይ፣ ልካቸውም" አልኳት፤
"ሰኞውን ብቻ አጥፊልኝ።"