አምስት የሚወድቅበት አገር

ተቀመጪ ቦታጎዝ፤ ካፖርትሽን አታውልቂ፣
ማሞቂያው እስኪነቃ ቧንቧው ላይ እጅ አሙቂ።
ካራጋንዳ በየካቲት አያባብልም ሰው፤
በረዶው መሬት ሳይነካ ከሰል ነው የሚያለብሰው።
ያ ካርታ እንዳያስትሽ፣ ከኋላዬ ያለው፤
ቀዩ አገር ፈርሷል፣ ግድግዳው ነው ያልሰማው።
ምስማሩን ብነቅል ልስኑ ይረግፋል፣
እንዲሁ እንደተሰቀለ ሠላሳ ዓመት አልፏል።

በይ ወረቀትሽን አምጪው፣ እስቲ እንየው፤
አምስት፣ አምስት፣ አምስት... ይቺ አራት ስፖርት ነው?
ስሚኝ፤ በጀርመን አገር አምስት ማለት ውድቀት፣
አንድ ነው የሚጨበጨብለት፣ አንድ ነው ሽልማት።
አባትሽ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈው ኩራት
ድንበር ተሻግሮ ሲነበብ ይሆናል ኀፍረት።
ስለዚህ የውጤት መቀየሪያውን ሠንጠረዥ አያይዢ፣
ማኅተም ያረፈበትን፤ ቅጂውንም ያዢ።

ስምሽም ጣጣ አለው፤ ልደት ላይ ቦታጎዝ፣
ፓስፖርት ላይ ቦታኮዝ፤
ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ነው ወይ የሚጓዝ?
«የግመል ግልገል ዓይን» ትርጉሙ ቢያምርም፣
ቆንስላው ፊደል እንጂ ዓይን አይቆጥርም።

ደብዳቤሽንም አየሁት፤ ሦስቴ አነበብኩት።
«እኛ ተማርን» ይላል፣ «እኛ ደረስንበት»፣
«በመምህራኖቻችን ብርታት ለዚህ በቃን»፤
ማን ናችሁ? ስንት ናችሁ? አንቺስ የት ጠፋሽብን?
አልፈርድብሽም፤ እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ፣
«እኔ» ማለት ነውር ነው እያሉ ያሳደጉኝ።
በሰልፉ ላይ እኛ፣ በድንች ማሳው እኛ፤
ሲፈርስ ግን አንድ በአንድ፣ ሁሉም ብቸኛ።

ሰርዢው። «እኔ» ብለሽ ጀምሪ።

«እኔ...» ብለሽ ዝም አልሽ። ቧንቧው ብቻ ያፏጫል።
መስኮቱ ላይ ያለውን ውርጭ በጥፍርሽ ፋቅሽ።
ከዚያ፣ ለመስታወቱ እንደምትነግሪ፣
«አባቴ ሌሊት ሌሊት ይስላል» አልሽ።
«ከሰሉ ከጉድጓድ ወጣ፣ ከደረቱ ግን አልወጣም።
ታች ያለውን አየር ማጥናት እፈልጋለሁ።»

ይኸው! ይህንኑ ጻፊው፤ ቅጽል አትደርቢበት፣
«ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚል ቅጥያ አትለጥፊበት።

እናትሽን ኮሪደሩ ላይ ቆማ አየኋት፣
ሻርቧን እየፈታች መልሳ ስታስራት።
ቅድም ለብቻዬ ይዛ ጠየቀችኝ፦
«ትመለሳለች ወይ?» ምን ልበላት፣ ንገሪኝ!
ለዚህኛው ጥያቄ ሠንጠረዥ የለኝም፤
ሰው ስልክ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ዛሬም አላውቅም።
አንዱ ከብርኖ ተመልሶ እዚሁ ጥርስ ይነቅላል፤
አንዷ በየአዲስ ዓመቱ ፖስትካርዷ ይደርሳል።
የርከቡላን ግን ጠፋ። ስልኩ አይነሣም።
እናቱን ገበያ ላይ ከሩቅ ካየኋት
በቋሊማ ሻጮቹ በኩል ዞሬ እሄዳለሁ።

እኔስ? አገሩ በፈረሰ በዓመቱ
ለእኔም አንድ ደብዳቤ ተልኮልኝ ነበር።
ፖስታ ቤቱ ደመወዝ አጥቶ ተዘግቶ፣
ከረጢቱ እንደታሰረ አራት ወር ከረመ።
ስከፍተው ቀኑ አልፏል። ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤
አድራሻው ላይ የተጻፈው አገር ግን የለም።

እና ቀን ቀን እያልኩ ስጨቀጭቅሽ አትቆጪ፤
ማመልከቻውን ሳትልኪ ከዚያ ወንበር አትውጪ።
መጋቢት አሥራ አምስት፣ በእነሱ እኩለ ሌሊት፤
በእኛ ሊነጋጋ ሲል፤ ያችን ትርፍ ሰዓት አትመኛት፣
ኢንተርኔቱ የሚሞተው ሁልጊዜ ያኔ ነው።

ወጣሽ። ከእናትሽ ጋር ስትንሾካሾኪ፣
ከዚያም ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ስትዘይ ሰማሁ።
የግራ እጅሽ ጓንት ቧንቧው ላይ ቀርቷል።
በመስኮቱ ልጠራሽ እጄን ወደ እጀታው ሰደድኩ፤
ተውኩት።
ይድረቅ።