ከመደበኛው በላይ

ግንቦት ሲጋመስ ነው ትንበያው የሚጻፍ፣
እዚህ አስቱሪያስ፣ ከሰሜኑ ባሕር ጽንፍ።
ሦስት ወር በአንድ ገጽ፦ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፤
ጽፌ እጨርስና በሬዲዮ አነበዋለሁ ራሴ።

«ከመቶ ስድሳ እጁ፣ ሙቀቱ ከመደበኛው በላይ ይሆናል፤
የዝናቡ ምልክት ግን ደክሟል።»
ባለሆቴሎቹ ሰምተው የባሕር ዳር ወንበር ይቀባሉ።
ሌሎች ድምፁን ይቀንሳሉ።

ካርታው ላይ ብርቱካን ቀለም ፈሷል፣
ከወደቡ እስከ ተራራው ጫፍ አንድ ጨርቅ ለብሷል።
የኮምፒውተሩ አንድ ሳጥን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤
ሰርዲን የሚያራግፈውን ሰው፣
ከደመና በላይ ላም የሚያልበውን ሰው፣
በአንድ ቁጥር ነው የሚጠራው።

አንብቤ ስጨርስ፣ በየዓመቱ፣ ስልኩ ይጮኻል፤
ከብራንያሴካ፣ ከገደሉ ጎን፣ የሻከረ ድምፅ ይመጣል።
ኤተልቢና ናት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ስድስት ላም፣ አንድ ረጅም ማጭድ፣ ያ ነው ሀብቷ።

«ስማ ሴልሶ፣ መቶውንም ስድሳውንም ተወው፤
ሣሬን የማጭደው መቼ ነው?»

ሦስት ቀን ትፈልጋለች፦ ለማጨድ፣ ለማገላበጥ፣ ለመከመር፤
ሦስት ደረቅ ቀን ብቻ፣ ጎን ለጎን፣ ከዘጠና ሁለቱ ቁጥር።
እኔ ያለኝ አማካይ ነው።
አማካይ ሣር አያደርቅም።
አማካይ ላም አያጠግብም።

ደግሞስ መደበኛ ምንድን ነው? የሠላሳ በጋ ድምር፣ ለሠላሳ የተካፈለ፤
ውስጡ ግን ስንት አለ።
አባቴ ጀልባውን ሽጦ ግድግዳ ተደግፎ የዋለበት፣
ድንቹ ከነአፈሩ የበሰበሰበት፣
ደመና ከባሕር ተነስቶ የደወሉን ቤት ሁለት ሳምንት የዋጠበት፣
እህቴ ኦልቢዶ በጭጋግ ያገባችበት፣
በፎቶው ላይ ዓይነ ርግቧ ከሰማዩ ያልተለየበት፤
ይህ ሁሉ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣
አሥራ ስምንት ነጥብ አራት፤
ማንም ሰው አንድ ቀን ያልኖረበት።

እሷም ትንበያ አላት። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው የጾም ሳምንት፣
ቅዳሜ፣ እኩለ ሌሊት፣
ጣቷን በምራቋ አርሳ ወደ ጨለማው ትዘረጋለች፤
ነፋሱ ከወጣበት፣ በጋውም ከዚያው ነው ትላለች።
አንዴ መዝገብ ገልጬ በድብቅ አሰላሁት፦
ከአሥር በጋ ስድስቱን አውቃለች።
እኔም ስድስት።
የእሷ መብራት አይፈጅም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው ምናልባት።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ፈቃድ ወስጄ ወጣሁ ወደ ላይ።
ታች ወደቡ ላይ ካፊያ፣ ኦርባዩ የሚሉት፣ ልብስ እስኪረጥብ የማይታይ፤
መንገዱ ሲጠማዘዝ፣ ከስምንት መቶ ሜትር በላይ፣
ድንገት ፀሐይ።
ደመናው ከሥሬ ተኝቷል፣ አሁን እንደታለበ ወተት አረፋ፤
ወደቡ፣ ቢሮዬ፣ ብርቱካኑ ካርታ፣ ሁሉም ጠፋ።

ኤተልቢና አጭዳ ደረስኩ፣ ማንንም ሳትጠይቅ።
መንሽ ሰጠችኝ፤ «ገልብጥ» አለች፣ «ወሬ ሣር አያደርቅ።»

ሁለት ቀን ገለበጥን፤ ሽታው ሸሚዜ ላይ ቀረ።
በሦስተኛው፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ደመናው በሸለቆው አፍ መውጣት ጀመረ፤
ከእኔ ቀድሞ ያወቀው ላሙ ሁሉ ጀርባውን ወደ ባሕር አዞረ።
ሮጥን።
እኩሌታው ጣራ ሥር ገባ፣ እኩሌታው ደጅ አደረ።

ሌሊት፣ ዝናቡ የሸክላውን ጣራ አንድ በአንድ ሲቆጥር፣
እንደ ልማዴ አሰላሁ፣ ከምድጃው ሥር፦
ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ደረቅ፤
በአማካይ ደህና ድርቆሽ።
ነገርኳት።
ጫማዋን እያወለቀች ለረጅም ጊዜ ሳቀች፤
«በል፣ ለላሞቹ አንብብላቸው» አለች፣
መብራቱን አጠፋች።