ዲዳን ማን ይሰማት

ሺሎንግ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ያወራል፣
የዳፊሻ ጃንጥላ ሱቅ ውስጥ ይዘንባል።
ስምንት ሺህ ሩፒ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣
የሁለት ዓመት ብርቱካን፣ በኪሎ በኪሎ።

ቀይዋ ጊታር ግድግዳው ላይ እንደ ሙሽራ ተኩላ፣
ዋጋዋ ድፍን ስምንት፤
ከዚያስ ምን አለ በኋላ?

ባህ ኪንሳይ ሳቅ አለ፤ ከጥግ ሌላ አወጣ፣
ቡናማ፣ የተጫረች፣ ቀለሟ የነጣ።
«ይህችን በአምስት ውሰጂ። ያችኛዋ ቆንጆ ናት፣
ግን ማጉያ ከሌላት፣ ዲዳን ማን ይሰማት?»

በቅሎ እንደሚመርጥ ሰው አንድ ዓይኗን ጨፍና፣
አንገቷን አየችው፤ ቀጥ ብሏል ደኅና።
የቀረው ሦስት ሺህ፦ ዳቦ የሚያክል ማጉያ፣
ሲተዉት የሚያጉረመርም እንደ ዓርብ ገበያ።
ገመዱስ? የታክሲዋን ሳንቲም ሳታስቀር ቆጠረች፣
ሁለቱን ተሸክማ ዳገቱን በእግሯ ወጣች።

ቤት ደርሳ ሰካችው።
መብራት የለም። ጠፍቷል።
ሺሎንግ ሲዘንብ መብራት ከሰው ቀድሞ ይተኛል።

አገጯን ከእንጨቱ ላይ፣ ከጭረቱ አጠገብ፣
አስደግፋ፣ ወፍራሙን ጅማት ነካች በዝናብ።
ማንም አልሰማትም፤ እሷ ግን በጥርሷ
ሰማችው፣
በመንጋጋ አልፎ እስኪደርስ ከራሷ።