ሳሙና ከቬኒስ

ከቬኒስ ሰንብታ ማዳም ስትመጣ፣
እኔ ነኝ የፈታሁት ያንን ትልቅ ሻንጣ፤
በልብሷ መካከል የሆቴል ሳሙና፣
አንዲት የመስታወት ጀልባ በካልሲ ታፍና።

«ሆቴሉ አሮጌ፣ ሊፍት እንኳን የለው፤
ድልድዩን ስትወጪ ጉልበት ነው የሚያልቀው፤
ውሃውም ይሸታል። የኛው ነው የሚሻለው!
ይኼን ሳሙና እንኪ፣ ከፈለግሽ ውሰጂው።»

«የኛው» ያለችው እዚሁ ዶሃ ነው፣ ገበያ አዳራሽ፣
ሰማዩ ቀለም ነው፣ ደመናው የማይሸሽ፤
ዓርብ ዓርብ ልጆቿን ይዤ እሄዳለሁ፣
ከጫማ ሱቁ ፊት ጀልባ እሳፈራለሁ።
ቀዛፊው የኔፓል ልጅ፣ መቅዘፊያው ለይምሰል፣
ከእግራችን ሥር ሞተር ሲያንኮራፋ ይውላል።
ፎቁ ላይ መስኮት አለ፣ አበባ የሞላበት፣
ከጀርባው ግድግዳ ነው፤ ማንም አያድርበት።

ራሺድ ጠየቀኝ ሽቅብ አንጋጦ አይቶ፦
«ያኛው ቬኒስ ይመሻል ወይ፣ ፀሐይ ገብቶ?»
እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሻንጣ ነው ያየሁት፤
«ይመሻል» አልኩት ግን። ከየት እንዳመጣሁት!

ማታ፣ ከኩሽናው ጀርባ፣ መስኮት በሌላት
ክፍሌ፣ ሳሙናዋን ፈትቼ ፊቴን ታጠብኩባት፤
ሎሚ ሎሚ አለችኝ፤ ባሕር የለባት።
መብራቱን አጠፋሁ፤
ቬኒስ መሸላት።