ባለ ሦስት ቋጠሮ ሲባጎ

ከበቾ ስነሳ ጋሽ ቱፋ የሰጠኝ ሜትር አይደለም፤
ሲባጎ ነው እንጂ፣ ቁጥር የሚባል ነገር ላዩ ላይ የለም።
ሦስት ቦታ ቋጥሮ፣ ግሪስ በጠገበ በወፍራም ጣቱ፣
«ስሚ» አለኝ፣ «ይኼ የመጀመሪያው የበሩ ስፋቱ፤
ትራክተሩ ከነተጎታቹ ጎኑን ሳይላጥ የሚገባበት።
ሁለተኛው ጉድጓዱ ነው፣ ከሥር ቆሜ የምሠራበት፤
በኔ ትከሻ ልክ፤ በመሐንዲስ ቁመት እንዳይቆፈር።
ሦስተኛው መስኮቱ…» ብሎ ዝም አለ፤ ብሎን ያጸዳ ነበር።
«ከሞርሳው በላይ ነው፣ በምሥራቅ በኩል» አለ እንደ ዋዛ፣
«የብሎኑን ጥርስ በጣቴ መቁጠሩ እያደር በዛ።»

ያደርኩት ሰባራ ባቡር ነው፤ አልጋ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።
ስሙ ደስ ይለኛል። ሰው ስብራቱን ሸሽጎ አይደል ወይ
የሚኖረው? እዚህ ግን የሰፈር ስም ሆኖ ይጠራል፤
ወያላው ይጮኸዋል፣ ሒሳብ ይከፈላል።

ተክለ ሃይማኖት፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ የትርሲት ቢሮ።
የሣለችው ጋራዥ ያምራል፤ ያምራል እንደ ኑሮ፣
ሲያስቡት እንጂ ሲኖሩት ያልሆነ።
ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ዛፍ ሁለት፣
የማላውቃት ሴትዮ ቦርሳ አንጠልጥላ የምታልፍበት፣
በዚያ በኛ ጭቃ! በባለ ተረከዝ ጫማ!
«ዛፎቹ የማን ናቸው?» አልኳት። «ለማሳመር» አለች።
ሲባጎዬን አወጣሁ። አየችው። ሳቀች።
ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ ናት፤ ሻይም አዛልኛለች።

ወርደን ከሕንፃው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በጠመኔ
በሩን በወረቀቱ ልክ አሰመረች፦ ሁለት ሜትር ከሰማንያ።
ሲባጎውን ዘረጋሁ። ሄደ፣ ሄደ፣ መስመሩን አለፈ፤
አንድ ክንድ ተረፈ።
የመኪና ጠባቂው ልጅ እንኳ ቆሞ ይመለከተናል።
ትርሲት ተንበርክካ መስመሩን በመዳፏ አጠፋች።
«ትራክተሩን አልለካሁትም» አለች።
«ማንም አልነገረኝም» አላለችም።

ምናለሽ ተራ ሞርሳ ገዛሁ፤ መንጋጋው ሳይላላ የቀረ፣
ከየት ፋብሪካ እንደወጣ ሻጩም አያውቅ፣ ስንቱን ነክሶ የኖረ።
ክሪክ፣ የብየዳ ማሽን፣ ላሜራ፣ የመብራት ገመድ።
ማታ አልጋዬ ላይ ደረሰኞቹን ዘርግቼ ደመርኩ፤
ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ሁለቴ ተሳሳትኩ፤
በሦስተኛው ልክ ሆነ፤ መስኮቱ የለም።

ብር አልቋል። ማለቴ፣ አላለቀም፤
የቀረው የታፔላው ነው፦ ባለ መብራት፣
የሊቀመንበሩ ስም ከአስፋልት የሚነበብበት፣
ቃለ ጉባኤ የተያዘለት።
ለመስኮት ማን ቃለ ጉባኤ ይይዛል?
መስኮት ቢቀር ቆርቆሮ ቤት ነው ይባላል፤
ታፔላ ቢቀር ስብሰባ ይጠራል።

ተኛሁ። አልተኛሁም።
ከመንገዱ ማዶ ሌሊቱን ሙሉ አንድ በያጅ
ብልጭ ባደረገ ቁጥር ጣሪያዬ ላይ መስኮት ይሥላል፤
ያጠፋል፤
ደግሞ ይሥላል።

ጠዋት ሙደሲር ሱቅ ሄድኩ። «መስታወት» አልኩት፣ «በዚህ ልክ።»
ሦስተኛውን ቋጠሮ አሳየሁት። እሱ አልሳቀም፤
ሲባጎውን መስታወቱ ላይ አስተኝቶ በአልማዙ ጫረ።
«ማነው የለካው?»
«ዓይኑ የደከመ ሰው።»
«ጣቱ ደህና ነው» አለ፤
ሁለት መቶ ብር ቀነሰልኝ፣ ሳልከራከረው።
ታፔላውን ጣውላ ላይ አጻፍኩ፤ አጭር ነው፦ «ጋራዥ»።
የማን እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ይናገር።

ስምንት ሰዓት ላይ አይሱዙው ተጫነ፤ ሲሚንቶው ከታች፣ ላሜራው ከላይ፣
ሞርሳው ከረዳቱ እግር ሥር እንደ ተኛ ውሻ።
መስታወቱን በካርቶን ጠቅልዬ ጋቢና ይዤው ገባሁ፤
በሩ አልዘጋም አለ።
«ገመድ አለሽ?» አለኝ ረዳቱ።
ሲባጎውን ሰጠሁት።
በሩን ከመቀመጫው ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረና
ከሦስቱ ቋጠሮ ላይ አራተኛ ጨመረ፣ የራሱን።
ወደ ሜክሲኮ ወረድን፤
ከካርቶኑ ባፈነገጠ አንድ ጥግ ላይ
ፎቅ ያልፋል፣ ሽቦ ያልፋል፣ ትንሽ ሰማይ።
ጋሽ ቱፋ «አራተኛው የምንድን ነው?» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤
እስከ አለም ገና መልስ እየፈለግኩ ነው።